የጎረቤት ሕመም

ፍኖተ ሰላም ላይ መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። የወንድ ሕመም ራስ ምታት ከሆነ የራሱ ነው፤ ከወገብ በታች ከሆነ ግን የጎረቤቱ ነው። ለጎረቤቱ እንዲህ የሚቆረቆር ሕዝብ እናንተ የት አይታችኋል?

በቀደም አያ ይርሳው የሚባሉ ገበሬ፣ ቡሬ ላይ ስንት መድኃኒት ቤት እያለላቸው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ አንድ ጎረቤቴ ከሚስቱ ጋር መተኛት ተስኖታል። ኪኒኑም አልሆነለትም። በቀዶ ጥገና የሚገባ ነገር አለ ሲሉ ሰምቶ ላከኝ» አሉ።

እኔም ለጎረቤታቸው ስል ከታሪኩ ጀመርኩ። ሐኪሞች መጀመሪያ ከሰውየው ጎድን ለስላሳ አጥንት ቆርጠው ብልቱ ውስጥ ያስገቡ እንደነበር፣ ያ አልበረክት ሲል ወደ ፕላስቲክ ዘንግ እንደተሻገሩ፣ ዛሬ ግን ውሃ የሚሞላ ቱቦና በእጅ የምትጫን ትንሽ ፓምፕ እንደሚቀብሩ ነገርኳቸው።

አያ ይርሳው ጎድናቸውን ዳበስ አደረጉ።

«አዳም አንድ ጎድኑን ለሔዋን ሰጠ። ይሄ ደግሞ ሁለተኛውንም ለእሷው ሊሰጥ ኖሯል?»

ሽንኩርታቸውን በፓምፕ የሚያጠጡ ሰው ናቸውና፣ ቀጥለው ፓምፑ ቢበላሽ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠየቁ። ሌላ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልግ ስነግራቸው ለጎረቤታቸው ከልብ አዘኑ።

«ለማንኛውም ሰውየው ከመወሰኑ በፊት ሚስቱን ያማክር» አልኳቸው።

«አማክሬያታለሁ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ምን አለች?»

«‹እኔ ምን አገባኝ፤ የጎረቤታችንን ሚስት ጠይቃት› አለችኝ።»