ዊንዶውስን የፈታው ባለ ፎቶ ቤት

ዊንዶውስን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጾመኛስ ሰዓቱ ሲደርስ ይበላል፤ ይህኛው ግን የጎረቤቱን ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ካላስጾመ አያርፍም።

ከአዲስ አበባ መጥቶ ወረታ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተው ተካልኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። «እኔ ሊኑክስ ነኝ፤ ዊንዶውስን ፈትቻታለሁ» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ፣ የፎገራን ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ያረጁት አባ ይትባረክ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ ገቡ። ቀበሌው ሊዘጋ ነው። ተካልኝ አነሣቸው። ፎቶ የሚያሳምርበት ፕሮግራም ግን ሊኑክስ ላይ እንቢ ይላል። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሌላ የውሸት ኮምፒውተር ከፈተ። ከዚያ ውስጥ ማን ብቅ ብትል ጥሩ ነው? ዊንዶውስ! የአባ ጥምጥም ስክሪኑ ላይ እስከ ግማሹ ታየና ሁሉም ነገር ደርቆ ቀረ።

«ፈትቻታለሁ ስትል አልነበረም?» አሉ አባ።

«ፈትቻታለሁ እንጂ አባ! ጓዳ ቆልፌባት ነው። ለሥራ ብቻ ነው የምጠራት።»

አባ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጓዳህ ውስጥ አለች። እንጀራህም በእሷ እጅ ነው። ልጄ፣ ይኸማ ፍቺ አይደለም፣ ኩርፊያ ነው። በል አሁኑኑ ታረቃት፤ ቀበሌው ሳይዘጋብኝ!»