በእናቴ ጉልበት ውስጥ ያለው በርጩማ

ትናንት በሕልሜ አንዲት እንክብል ዋጠችኝ። «አንድ ሰው ከምግብ በኋላ» ተብሎ ታዞላት ኖሮ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ አወራረደችኝ። ሐኪሞቹ በየበሽተኛው ደጅ ተሰልፈው «ዛሬስ ይቀበሉን ይሆን?» ይባባላሉ።

ተንሸራትቼ የወረድኩት እናቴ ጉልበት ውስጥ ነው፤ ከወደቀች ወዲህ የሚያሠቃያት ያው ጉልበት። የቤቱ እመቤት እትዬ ፕሮቲን ይባላሉ። ያላቸው አንድ በርጩማ ብቻ ነው። ሕመም ከዘራውን ይዞ ደጃቸው ቆሟል።

«እሱ ከተቀመጠ እጮሃለሁ፤ እኔ ስጮህ እናትህ ትሰማለች» አሉኝ። «ቀድመኸው ተቀመጥ። ወገብህን ቀና አድርግ ታዲያ፤ በርጩማዬ ጎንበስ ያለ ሰው አይችልም።»

ተቀመጥኩ። ለእኔ የተጠረበ ይመስል ግጥም አለ። እናቴ ከላይ ስታንኮራፋ ሰማሁና ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ሕመም ቆሞ ቆሞ እግሩን አመመው። «እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» አለኝ።

«አንድ ሰው ነው የሚይዘው» አልኩት። አንጀቴን በላው ግን።

ሲቆይ የእናቴ ድምፅ ከላይ መጣ። «ልጄ፣ እግሬ የት ሄደ? ሌሊቱን ያዝልኝ፣ ሲነጋ ግን ልቀቀኝ፤ ልራመድበት።»

«መንጋቱን በምን አውቃለሁ?»

«ብርሃን ሲመጣ ራስህ ትነሳለህ። አሳድጌህ የለ?»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ መብራት ቦግ አለ። እኔም እንደ አስተዳደጌ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ «እንደምን አመሻችሁ» አልኩ። ጎንበስ ከማለቴ በርጩማው አንሸራቶ ጣለኝ። ሕመም አስተዳደግ የለውም፤ ሰላም ሳይል ገብቶ ዘፍ አለበት። እትዬ ፕሮቲን ጮኹ።

«ገና አልነጋም፤ አጥፉት!» አልኩ። ቀና ብዬ ቦታዬን እንዳልይዝ ወገቤ እንደ ጎበጠ ቀረ። ያ ብርሃን ካልጠፋ የሚቀና አይደለም። በዚያ አገር ደግሞ ጨለማ በወረፋ ነው። «ስለ እናቴ ብላችሁ ጨለማ ስጡን» እያልኩ ስለምን ነቃሁ።

ጠፍቶ ያመሸው መብራት መምጣቱ ነበር። ከእናቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬአለሁ። እሷን ላስውጣት ብዬ የያዝኳት እንክብል መዳፌ ላይ በላብ ተጣብቃ፣ ብፍቃት አልላቀቅ አለችኝ። እናቴ ድምፅ እንዳይወጣት የአንሶላውን ጫፍ ነክሳለች። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ምነው እማዬ፣ አትቀሰቅሺኝም ነበር?»

አንሶላውን ከአፏ አወጣች። መብራት በርቷልና መጀመሪያ «እንደምን አመሸህ» አለችኝ።

«ደክሞህ ነበር፣ ልጄ» አለች ቀጥላ። «እንቅልፍህ አሳዘነኝ።»