እድሩ እንደ አሜሪካ የመረጠ ጊዜ

(ኦስሎ፣ አልናብሩ ሰፈር፣ የዕቃ መጋዘን፣ የምሳ ሰዓት። እንዳሻውና ገነነ ምሳቸውን በየሳህናቸው ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ማይክሮዌቭ ወረፋ ላይ የጀመሩት ክርክር አልበረደም።)

ገነነ፦ እኔ አህያ አልሆንም።

እንዳሻው፦ አህያ ሁን ማን አለህ? አህያው የፓርቲህ ምልክት ነው።

ገነነ፦ ታዲያ አንተ ለምን አትወስደውም?

እንዳሻው፦ እኔ ዝሆኑን ይዣለሁ። ቀድሜ ነው የያዝኩት።

ገነነ፦ ሰው ወዶ አህያ ይይዛል? መራጩስ ምን ይለኛል?

እንዳሻው፦ አንተ ሰውዬ፣ አሜሪካ ስንት የተማረ ሰው በዚህ አህያ ተመርጦ ዋይት ሀውስ ገብቷል።

ገነነ፦ አህያውም አብሮ ይገባል?

(እንዳሻው ማንኪያውን አስቀመጠ።)

ከገነነ ጋር ሲያወራ ማንኪያ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ ሠናይት ደከመኝ ብለው በመጪው እሑድ ሊወርዱ ነው። እንዳሻው ያችን ወንበር ከተመኛት ቆይቷል። እንዲያውም ቸኩሎ ደብረ ብርሃን ላሉት አማቱ ተመርጫለሁ ብሎ በስልክ ነግሯቸዋል፤ እሳቸውም ለጎረቤት አዳርሰውታል። እንግዲህ የግድ መመረጥ አለበት። ግን እንደ ክፍል አለቃ እጅ ተቆጥሮ ብቻ መመረጥ አነሰበት። የአሜሪካን ምርጫ ስልኩ ላይ ተጥዶ የሚከታተል ሰው ስለሆነ፣ የእኛም በዚያው ሥርዓት ይሁን ብሎ ስብሰባውን ወጥሮ ያዘ። እትዬ ሠናይት እኔ ልገላገል እንጂ እንደፈለጋችሁ አሉ።

የቀረው ተቃዋሚ ነበር። ሁለት ፓርቲ ከሌለ አሜሪካ አይሆንም። ስለዚህ የብሪን ሰፈሩን ገነነን፣ ስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠራ ጫማውን የሚያየውን ሰው፣ ጎትቶ አስገባው። ከእሱ የተሻለ ተሸናፊ ኦስሎ ውስጥ አይገኝም ብሎ ነው።

ገነነ፦ እሺ፣ አህያና ዝሆን የሚጣሉት በምንድን ነው?

እንዳሻው፦ በሁሉ ነገር። አንዱ ግብር ይቀነስ ካለ ሌላው አይቀነስም ይላል።

ገነነ፦ እዚህ አገር ግን ፓርቲው ብዙ ነው። ተጨቃጭቀው ሲያበቁ ደግሞ አብረው ይሠራሉ።

እንዳሻው፦ እሱ ምርጫ አይባልም፣ ማኅበር ነው።

ገነነ፦ የእኔ ፓርቲ ታዲያ ምን ይላል?

እንዳሻው፦ እኔ የምለውን ተቃራኒ።

ገነነ፦ አንተ ምን ትላለህ?

እንዳሻው፦ ገና አልወሰንኩም።

ገነነ፦ እንግዲያው እኔ ወስኛለሁ ማለት ነው።

(እንዳሻው ጣሪያውን አየ።)

ቀጥሎ ቆጠራውን ማስረዳት ጀመረ። የእድራችን ሰው የሚኖርባቸውን ሦስቱን ሰፈሮች ሦስት ስቴት፣ ማለት ሦስት ክፍለ ግዛት ናቸው ብለህ ያዝ አለው። አሜሪካ ውስጥ ስቴቱ ቢተልቅም ቢያንስም እኩል ሁለት ሁለት ድምፅ አለው፤ ሌላው በሕዝቡ ልክ ይጨመራል፤ ለእኛ በአሥር ሰው አንድ ይሁን። ትሮስተሩድ ሠላሳ ሰው ስላለው ሁለት ላይ ሦስት ተጨምሮ አምስት። ብሪንና አልናብሩ አሥር አሥር ሰው ስላላቸው ሁለት ላይ አንድ ተጨምሮ ሦስት ሦስት። በሰፈሩ በአንድ እጅ እንኳ የበለጠ የሰፈሩን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ገነነ፦ የተሸነፈውስ እጅ?

እንዳሻው፦ የለም።

ገነነ፦ ወጥቶ አላየነውም እንዴ?

እንዳሻው፦ ወጥቷል፣ ግን የለም።

ገነነ፦ ትሮስተሩድ ሠላሳውም ቢመርጡህ ስንት ታገኛለህ?

እንዳሻው፦ አምስት።

ገነነ፦ አሥራ ስድስቱ ብቻ ቢመርጡህስ?

እንዳሻው፦ አምስት።

ገነነ፦ አሥራ አራቱ ታዲያ ለምን ይመጣሉ?

እንዳሻው፦ ለጭብጨባ።

ገነነ፦ ብዙ ሰው የመረጠው ሰው ሊሸነፍ ይችላል ማለት ነው?

እንዳሻው፦ አሜሪካ ሆኖ ያውቃል። ረቂቅ ነገር ነው፣ አንተ አይገባህም፣ ተወው።

ገነነም ተወውና ምሳውን በላ።

በዚያ ሳምንት እንዳሻው ከትሮስተሩድ አልወጣም። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ንግግር ያደርጋል፣ ይጨበጨብለታል፣ ነገ ደግሞ ይመለሳል። የብሪንና የአልናብሩን ሰዎችም ቤት ለመዞር አስቦ ነበር፤ ግን እዚያ የሚያጨበጭብለት ስለሌለ እግሩ አልታዘዝ አለው። ዓርብ ላይ ገነነ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ሥራ መጣ። መንገዱ በረዶ ስለያዘ ለብሪንና ለአልናብሩ ሰዎች የበረዶ ጎማ እየቀየረላቸው ነው።

እንዳሻው፦ ንግግር አታደርግላቸውም?

ገነነ፦ መኪና ስር ተኝቼ መናገር አይመቸኝም።

እንዳሻው፦ ሰው እንዲያይህ አድርግ እንጂ። አሜሪካ ዕጩ ያገኘውን ሕፃን ሁሉ ይስማል።

ገነነ፦ እዚህ እንደዚያ ባደርግ ፖሊስ ይጠራብኛል።

እንዳሻው አዘነለት። ተሸንፈህ ስሸኝህ ጥሩ አድርጌ ነው የማመሰግንህ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

(እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሽ።)

ትሮስተሩድ ሠላሳውም እጁን ለእንዳሻው አወጣ። እልልታው ቀለጠ፣ እንዳሻውም ቆሞ እጅ ነሳ። ብሪን ስድስት ለገነነ፣ አራት ለእንዳሻው። አልናብሩም እንደዚያው። እትዬ ሠናይት መነጽራቸውን አውልቀው አበሱና እንደገና ደመሩት። እንዳሻው አምስት፣ ገነነ ስድስት። ከዚያ የአዳራሹን ቁልፍ ለገነነ ሰጥተው፣ ተመስገን ብለው፣ ካፖርታቸውን ለበሱ።

ሰው ሁሉ እስኪወጣ እንዳሻው ከወንበሩ አልተነሳም።

እንዳሻው፦ ሠላሳ ስምንት ሰው ነው እኮ የመረጠኝ። አንተን አሥራ ሁለት።

ገነነ፦ ቆጥሬዋለሁ።

እንዳሻው፦ አሁን ለአማቴ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?

ገነነ፦ ብዙ ሰው መርጦኛል በላቸው። ውሸት አይደለም።

እንዳሻው፦ ያን ቀን ሳስረዳህ የገባህ አልመሰለኝም ነበር እኮ።

ገነነ፦ (ጫማውን እያየ) ብዙው አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ገባኝ፤ ብዙ ሰው የሌለውም ያሸንፋል አልከኝ። እኔ ደግሞ ሰው የለኝም፣ ይሄስ ለእኔ የተሠራ ነው አልኩ። ሰው ያለህ አንተ ነህ፤ አንተ ለምን እንደፈለግከው ነው እስካሁን ያልገባኝ።