ቀላሉ የሸራ ቦርሳ

ከስንቁ ይልቅ ለመያዣው የሚጨነቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔን ተመልከቱ። በጣሊያን ጊዜ፣ ከወናጎ በላይ ጫካ ለገባው አርበኛ ወንድሜ ቆጮ ላደርስ ከዲላ ስነሳ፣ ስልቻው ከበደኝ፤ ቅርጫቱ ጎረበጠኝ። የቀን መንገድ ቀልድ ነው እንዴ? በመጨረሻ አንድ የጣሊያን ወታደር የጣለውን የሸራ ቦርሳ አነገትኩ።

«በእንሰት ቅጠል ጠቅልለሽ ብትይዥው ምን አለበት?» አለች እናቴ።

«ይሄ እኮ ላባ ነው፣ እማዬ።»

አርበኞቹ ከሰፈሩበት ስደርስ የእሳታቸው ፍም አልከሰመም፤ ሰው ግን የለም። እዚያው አጠገብ እንሰት የሚፍቁ ባልቴት ቦርሳዬን አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄን የጣሊያን ዕቃ ከሩቅ አይተው ‹ባንዳ መጣች› ብለው ሄዱ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አላየሁትም። ቦርሳው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ ቆጮውን ይዤ ስመለስ ነው።