ሳይሰምር ያስገባሁት ስለት

ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እኔ ዛሬ ቆሜ ነው የተዋረድኩት።

ራግቢ ሜዳ ዳር። ነጠላ የለበሱ አሥራ አራት ሰዎች ፊት። ከነከበሯቸው።

መጀመሪያ እናንተንም ይቅርታ ልጠይቅ። ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ገጽ ላይ «የልጅ ልጄ ለአውስትራሊያ ተመረጠች» ብዬ ለጥፌ ነበር። ስንቶቻችሁ «እልልል» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። አንዳንዶቻችሁ በአበባ፣ አንዳንዶቻችሁ በባንዲራ።

አልተመረጠችም።

ለአውስትራሊያም አልነበረም።

ላለንበት ክፍለ ግዛት፣ ለቪክቶሪያ ነው። እሱም ቢሆን ትራያል ነው፤ «ነይና እንይሽ» ማለት። ታዲያ ለምን አውስትራሊያ አልሽ ትሉኛላችሁ። ቪክቶሪያ ብል አትክልት የምንገዛበት ማርኬት ነው የሚመስላችሁ ብዬ ነዋ።

ልጅቷን ቤዛ እንበላት። ስሟ አይደለም፤ ቀይሪው ያለችኝ ራሷ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ክሬጊበርን ዌርሃውስ ውስጥ በሺፍት ስለምትሠራ፣ ቤዛ ሳምንቱን ሜድስቶን እኔ ጋ ናት።

ራግቢ የጀመረችው ትምህርት ቤት ነው። ለማታውቁት፣ እንደ እንቁላል የሞለለ ኳስ ታቅፈው ይሮጣሉ፤ ሌሎቹ እየተከተሉ ይጥሏቸዋል። ቤዛን ግን የሚጥላት አልነበረም። አይደርሱባትማ።

ኮቿ የሳሞአ ሴት ናት፤ ክንዷ የኔን ወገብ ያህላል። አንድ ቀን አጥሩ ጋ መጥታ «ዩር ግራንድዶተር ኢዝ ስፔሻል» አለችኝ።

ቀጥላ ሌላም ነገር ብላ ነበር። ገና ልጅ ናት፤ ጊዜ ስጧት፤ ብዙ አይወራባት። እሱን አልሰማሁትም። እሺ፣ ሰምቼዋለሁ። ግን ለሰው የሚነገረው የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ጽጌ ልምጣ። እሷ ባትኖር ይህ ታሪክ አይኖርም፤ እኔም ደህና ሰው እሆን ነበር።

ኬንሲንግተን የመንግሥት ፎቅ ላይ ስንኖር ጎረቤቴ ነበረች። ልጄ ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ቤዛን ያለ ባል የወለደች ሰሞን፣ እትዬ ጽጌ የፎቁ ላውንድሪ ውስጥ ሆና ለሌላ ሴት «ከዚያ ቤት ደግሞ ምን ይወጣል ብለሽ ነው» ስትል በሩ ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። የታጠበ አንሶላ ታቅፌ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ መባባል ቀረ። አንቱ ሆንን። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተከባብረናል። እዚህ ግን «አለች» እላታለሁ፤ ገጹ የኔ ነው።

የሷ ልጅ ኢንጂነር ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ታሳያለች፤ ከነሄልሜቱ። እኔ ምን ላሳይ? ልጄ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስታሽግ? ቤዛ ሮጣ የሚያቆማት ሲጠፋ ጊዜ፣ ተራዬ ደረሰ አልኩ።

ለቤዛ ስለት ነበረብኝ። ትመረጥልኝ እንጂ ለእመቤታችን ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ። ስለት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ይሰምራል፤ ከዚያ ይገባል። ይህንን ያልተጠመቀም ያውቀዋል።

እኔ ግን ጃንጥላውን ቀድሜ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ አስመጣሁ። ቀይ ከፈይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ያየኛል፤ አየዋለሁ።

በዚህ መሐል ወሬ ደረሰኝ። እትዬ ጽጌ፣ ልጇ ፕሮሞሽን አግኝቶላት፣ በማርያም ዕለት መጋረጃ ልታስገባ ነው።

መጋረጃ!

ብቻዋን?

የትራያሉ ውጤት ገና አልመጣም ነበር። ቢሆንም ኮቿ ስፔሻል ብላለች። እንደማይቀር እመቤታችንም ታውቃለች አልኩና ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ማርያም እሑድ ላይ ነበር የዋለችው፤ ቤተ ክርስቲያኑ መቆሚያ የለውም። በማይክራፎን ተነበበልኝ። «እህታችን፣ የልጅ ልጃቸው ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ስለተመረጠችላቸው…»

እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው።

የእትዬ ጽጌ መጋረጃ ከኔ ቀጥሎ ተነበበ። እልልታው ደከም ያለ ነበር። አጣርቼ አዳምጫለሁ።

ቤዛ አጠገቤ ነጠላ አጣፍታ ቆማለች። ሴቶች ተራ በተራ ሳሟት። ፊቷ አመድ መስሏል። ጾም ይዟት ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ወር ምን ልበላችሁ። ባስ ስቶፕ ላይ ያስቆሟታል። አንዷ የማያጠና ልጇን ጎትታ አምጥታ «እስቲ ምከሪልኝ» አለቻት። ጋሼ ታደሰ፣ «ሴት ልጅ ከሰው ጋር ስትጋፋ ነውር ነው» ሲሉኝ የኖሩት ጋሼ ታደሰ፣ «ልጃችን» ማለት ጀመሩ። የኛ ሰው ሲወድም ሲጠላም ልክ አያውቅም። የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ።

ቤዛ ምግቧ ቀነሰ፣ ወሬዋም ቀነሰ። «ልምምድ እንዴት ነበር?» ስላት «ፋይን» ነው መልሷ። «ቡድኑስ?» «ፋይን።»

«ጎበዝ ሰው ዝምተኛ ነው» ብዬ እዚህ ለጠፍኩ። ያንንም ላይክ አድርጋችኋል።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

ዛሬ ጠዋት ከሰፈር ክለቧ ጋር ተራ ጨዋታ ነበረባት። እኔ ግን የማኅበራችን ቫይበር ላይ «ልጃችንን መጥታችሁ እዩ» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አራት ሰው መጣ። አንዷ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ጋሼ ታደሰ ከበሮ አንጠልጥለዋል። እትዬ ጽጌ በልጇ መኪና መጣች፤ ታጣፊ ወንበር ሳይቀር ይዛ። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ቡና በካርቶን ብርጭቆ ይዘው ያዩናል። አንዱ አባት ከበሮውን ለሕፃን ልጁ እያሳየ ፎቶ አነሳን።

ጨዋታው ተጀመረ። ቤዛ ሜዳው ውስጥ የለችም።

«የታለች?» አሉኝ።

ተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ናት። ኮፍያዋን ፊቷ ላይ ደፍታለች።

«ጠንካራዋን ለመጨረሻ ነው የሚያቆዩት» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ሌሎቹ ሲደክሙ እሷን ይለቁባቸዋል።»

«እንደ መከለሻ» አሉ ጋሼ ታደሰ። «ወጡ ሊወጣ ሲል ጣል የሚደረግ።»

«ልክ እንደሱ።»

እትዬ ጽጌ ወንበሯን ወደ መስመሩ ጠጋ አደረገች።

ዕረፍት ሆነ። አልገባችም። ነፋሱ ነጠላችንን ሊወስደው ይታገላል። ጋሼ ታደሰ ቆዳው እንዳይበርደው ብለው ከበሮውን በገዛ ጃኬታቸው ሸፈኑት።

ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኮቿ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ቤዛ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። አየሁ። እምቢ ማለቷን አየሁና ዞር አልኩ፤ ሌላው ሰው እንዳያይ መስሎኝ። ኮቿ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻት። ገባች።

ከበሮው ተመታ። እልልታው ቀለጠ። ዳኛዋ ፊሽካዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ዞራ አየችን።

ኳሱ ወደሷ መጣ። ፊቷ ባዶ ሜዳ ነው። በደህናው ጊዜ ዓይኗን ጨፍና የምትይዘው ኳስ ነው።

ከእጇ ወደቀ።

እልልታው ቆይቶ ነው የቆመው። የኳሱ መውደቅ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጋሼ ታደሰማ እጃቸውን እስክይዛቸው ድረስ መቱ።

ሁለተኛው መጣ። ወደቀ።

ሦስተኛው ሲመጣ ቤዛ ኳሱን አልነበረም የምታየው። እኛን ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ አገኘኋት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ትፈታለች።

«እማማ፣ አይ ዲድንት ጌት ኢን» አለችኝ ቀና ሳትል።

«የት?»

«ቪክቶሪያ። አልመረጡኝም። ኮች ሌላ ዓመት ሞክሪ ብላኛለች። ኢሜይሉ የመጣው ጃንጥላው ሳይገባ ነው። ዓርብ።»

ዓርብ። ጃንጥላው የገባው እሑድ። ያን ሁሉ እልልታ፣ ያን ሁሉ መሳም፣ እያወቀች ነው ቆማ የተቀበለችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ መጥቼ ነበር። የጃንጥላውን ዘርፍ በማበጠሪያ እያበጠርሽ ነበር። ደስ ብሎሽ ነበር፣ እማማ። አንቺ ደስ ብሎሽ አይቼ አላውቅም።»

ለዚህ ምን ተብሎ እንደሚመለስ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

«ዛሬም ኮችን አታስገቢኝ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ» አለች። «ሰው ሲያየኝ ኳሱን መያዝ ያቅተኛል። ማቆም ነው የምፈልገው።»

«ራግቢውን?»

«ራግቢውን አይደለም። ኤቭሪባዲን። ግን ሰውን ሁሉ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ራግቢውን።»

ሰዎቹ ዳቦውን ይዘው መኪና ማቆሚያው ጋ ይጠብቁናል። ሊመርቋት።

እውነት ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጉልበት ነው። «ጉልበቷን ታማለች» ልላቸው። ጉልበት ጥሩ ነው፤ የሚያጣራ የለም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ካልኩ ልጅቷ በእያንዳንዱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ልታነክስልኝ ነው። አንዱን ውሸቴን ወር ሙሉ ተሸክማልኛለች። ሁለተኛውን እያነከሰች?

ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ቤዛ አልተመረጠችም» አልኳቸው። «ለአውስትራሊያ የጠራትም የለም። ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለቱን ሳይሰምር ነው ያስገባሁት። እሷ አንድም ቃል አልዋሸችም።»

አሥራ አራት ሀበሻ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የኔም የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ ጃንጥላው?» አሉ ጋሼ ታደሰ። ለቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ተጨንቀው ነው።

«ጃንጥላው ምን ይሁን ነው የሚሉት?» አለች እትዬ ጽጌ ከወንበሯ እየተነሳች። «ሜልበርን ነው ያለነው፤ ዝናብ በዝናብ። ጃንጥላ አይተርፍም።»

ያኔ ሳቁ።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቀን ይኸው መጣ አልኩ። እኔም ዝግጁ ነኝ፤ አፏን ስትከፍት የላውንድሪዋን ነገር ከነአንሶላው ላወርድባት።

«እኛ የመጣነው ልጅቷን ልናይ ነው» አለች። «አየናት። ቆንጆ ትሮጣለች። አንቺ ደግሞ አትገተሪ፤ ዳቦውን ቁረሺ።»

ክፋቷን አያችሁ? ልሰድባት ተዘጋጅቼ በደግነት ቀደመችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩትን የት ልድፋው? ላውንድሪውን ይቅር ልላት እችል ይሆናል። የዛሬውን ግን ጊዜ ያስፈልገኛል።

ዳቦውን ቆረስኩ። ጋሼ ታደሰ ትልቁን ቁራሽ ለቤዛ ወሰዱላት። «ጥፋቱ የኳሱ ነው» አሏት። «ክብ ማድረግ ሲችሉ ምን ሆነው ነው?» ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት።

ሁሉም ሄዱ። ቤዛ እንሂድ አላለችኝም። ጫማዋን መልሳ አሰረች። ከሜዳው ዳር የቀረ ኳስ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ወርውሪልኝ» አለች። «ኮመንታሪ የለም። እልልታ የለም። ዝም ብለሽ።»

በስድሳ ሰባት ዓመቴ ራግቢ ስወረውር አስቡት። የመጀመሪያው እግሬ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው አጥሩን ዘሎ ሄደ፤ ሄዳ አመጣችው። ሦስተኛው እሷ ጋ ደረሰ።

ዝም አልኩ።

አራተኛውም ደረሰ። ዝም አልኩ። ማካፋት ጀመረ፤ አላቆምንም። እልልታው ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ እየመለስኩት፣ ነጠላዬ ረጥቦ ገላዬ ላይ ተለጥፎ፣ ትከሻዬ እስኪነቀል ወረወርኩ።

የሚመጣው ቅዳሜ ትጫወታለች ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ነግራኛለች፤ አልናገርም። ስንቱን እንደያዘች ቆጥሬያለሁ፤ እሱንም አልነግራችሁም።

ግን እናንተ ልምድ ያላችሁ ካላችሁ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ እንዴት ነው ውሎ የሚያድረው?