ሳይሞላ የተነሳው መንኮራኩር

በዚህ አገር የልብ ወለድ ጸሐፊን የሚያዋርደው ሳይንስ አይደለም፤ መናኸሪያ ነው! ካላመናችሁኝ ግድ የለም፤ እኔም የአሶሳ መናኸሪያ ልክ እስኪያስገባኝ ድረስ አላመንኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሌላ ኮከብ ስለሚደረግ ጉዞ አንድ ታሪክ ጻፍኩ። (ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? እሺ፣ ልቀጥል።) ባምባሲ የሚያስተምረው ወዳጄ ደረጀ ይህን ሰማና «ና ለተማሪዎቼ አንብብላቸው፤ ግቢው ሙሉ ይጠብቅሃል» አለኝ። በዕድሜዬ «አንብብልን» ብሎ የጠራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ባለቤቴ እንኳ «ስትጨርስ ቀስቅሰኝ» ነው የምትለው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ፍርሃቴም እንደዚያው። ተማሪ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አይምርም! ሳይንሱ ትንሽ ከተዛነፈ መሳቂያ መሆኔ ነው።

እናም ለወራት ለፋሁ። የቅርቡ ኮከብ ዘንድ ለመድረስ ብርሃን ራሱ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መንኮራኩሬ ከብርሃን አይቀድምም። ፍጥነቱንም በአንዴ አይጨምርም፤ ተሳፋሪው ይጨፈለቃላ! ጭነት ሲበዛ ነዳጅ ስለሚበዛ አንድ ባልና ሚስት ብቻ አሳፈርኩ፤ የተረፈው መቀመጫ መንገድ ላይ ለሚወለዱት ልጆች ነው። መነሻ ሰዓቱ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ፕላኔቶቹ መስመር የሚይዙት ያን ጊዜ ብቻ ነዋ!

በቀጠሮው ቀን ማልጄ የባምባሲ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አንድ ሰው ጎድሏል። አንድ ሰው ብቻ! መናኸሪያችንን የምታውቁ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ያ «አንድ ሰው» የሚባለው ፍጡር ከሌላ ኮከብ ነው የሚጠበቀው። ጠበቅን... ጠበቅን... አጠገቤ ማንጎ የሚነግዱት ሐጃ ዘሃራ ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ደግሞ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡት ገበሬ፣ ጋሽ ይመር። የትና ለምን እንደምሄድ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔው ነገርኳቸው።

«እንግዲያ እዚህ አንብብ» አሉ ሐጃ። «ሥራ የለንም።»

አነበብኩ። ብርሃን ዓመታት እንደሚፈጅበት ሲሰሙ «ሱብሃነላህ!» አሉ። ልጆች መንገድ ላይ ይወለዳሉ ስል ሚኒባሱ በሙሉ «ተመስገን» አለ። ሳይንሱ እንደ ውሃ ወረደላቸው፤ እኔም ልቤ አበጠ። ከዚያ «ስድስቱ መቀመጫ ባዶ እንደሆነ፣ መንኮራኩሩ በሰዓቱ ተነሳ» የሚለው ላይ ደረስኩ።

«ቁም!» አሉ ሐጃ። «ሰው አልሞላም፣ መኪና ሄደ? የት ሀገር ነው ይሄ? ወላሂ፣ ውሸት ነው!»

«ሐጃ፣ ይኼ እኮ መኪና አይደለም፤ መንኮራኩር ነው።»

«ሹፌር አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያ መኪና ነው!»

ጋሽ ይመርም ከኋላ አልማሩኝም። «የብርሃኑን እሽ ብያለሁ። የልጆቹንም እሽ። ይኼን ግን ተው ልጄ! እኛን ከወሎ ያመጣን መኪና እንኳ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ሰው በሰው ላይ ሁኖ ነው የተነሳው። መንግሥት ያልቻለውን አንተ ቻልህ?»

ተናደድኩ! የስንት ወር ልፋቴን በአንድ መቀመጫ ሊጥሉብኝ! «ሰው ሲቀንስ ነዳጅ ይቀንሳል! ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ኮከቡ አይጠብቅም!» ብዬ ጮህኩ።

ሹፌሩ ሸምሱ በመስታወቱ አየኝ። «ሰው ሲቀንስ ነዳጅ ይቀንሳል ነው ያልከው?»

«በሳይንስ የተረጋገጠ ነው!»

ወይ አፌ! ሰሞኑን ቤንዚን ጠፍቶ ሸምሱ ሰልፍ ላይ ሲያድር እንደሰነበተ ከየት ልወቅ? የነዳጁን መለኪያ አየ። ወደ ባምባሲ በኩል የጠቆረውንም ደመና አየ። ቁልፉን ነካ ነካ አደረገ።

«አንተ አፍ አለህ» አሉኝ ሐጃ፣ «ውረድ፣ አንድ ሰው አምጣ።»

እኛ ዘንድ መቀመጫ ላይ ዕቃ ተቀመጠ ማለት ሰው ተቀመጠ ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም። ጽሑፌን ቦታዬ ላይ አስቀምጬ ወረድኩና «ባምባሲ! አንድ ሰው! ባምባሲ!» እያልኩ መናኸሪያውን ዞርኩ። የኮከብ መንገድ ሲያሰላ የከረመ ሰው ተሳፋሪ ለማኝ ሆነ! በመጨረሻ ዶሮ የታቀፈ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። «ሐሳቤስ ለነገ ወዲያ ነበር» አለ። ለምኜ፣ አባብዬ፣ ዶሮውን ተሸክሜለት መጣሁ።

ሚኒባሱ የለም።

ተራ አስከባሪው ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። «ሄደ!» አለኝ። «ሳይሞላ! ሁለት ቦታ ባዶ ይዞ! እዚህ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር ዓይቼ አላውቅም!»

«ምን ሆነና?»

«‹ጸሐፊው ራሱ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ብሏል› አለና ነዳው።»

ባለዶሮው ዶሮውን ከእጄ ተቀበለኝ። «ነገ ወዲያ ብዬህ ነበር» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ቀጣዩ ሚኒባስ መቼ እንደተነሳ አትጠይቁኝ፤ መቼም ሞልቶ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ተማሪዎቹ እየወጡ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልዋሻችሁም። ደረጀ ግን ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ።

«ታሪክህ ጉድ አሰኛቸው!»

«የትኛው ታሪክ? እኔ ሳልመጣ?»

ለካ ሐጃና ጋሽ ይመር ጽሑፌን ይዘው ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደዋል። ጋሽ ይመር በመሠረተ ትምህርት በቆጠሩት ፊደል አነበቡ፤ ሐጃ ከጎን ሆነው ያልጣማቸውን አረሙ።

«የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪመጣ ሲጠብቁ ልጆቹ እዚያው መናኸሪያ የተወለዱበት ቦታማ!» አለ ደረጀ። «እንዴት መጣልህ?»

ቀናሁ። ቢሆንም «እንዲሁ... መጣልኝ» አልኩ። «ታዲያ ስለ ብርሃኑ ፍጥነት የተከራከረ የለም?»

«ማንም! ሁሉንም አመኑ። አንድ ነገር ብቻ ነው እንቢ ያሉት።»

«ምኑን?»

«ጸሐፊው የት ቀረ ብለው ሲጠይቁ፣ ጋሽ ይመር ‹ሚኒባሱ ሳይሞላ ጥሎት ሄደ› አሏቸው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ! አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ ምን አለች መሰለህ? ‹ሌላው ሁሉ ይሁን፤ ይኼኛው ግን ሳይንሳዊ አይደለም!›»