ነጎድጓድ ባንድ ዳንግላ የመጣ ለት

(እንጅባራ፣ ከሰዓት በኋላ። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር እንግዳው ግቢው መሀል ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። በአንድ እጁ ከዘራ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዟል። ሚስቱ የሻረግ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች።)

እንግዳው፦ ቀይ ነበር አልኩሽ! የጊታሪስቱ ሱሪ ቀይ ነበር።

የሻረግ፦ ትናንት ቡላ ነው ብለኸኝ ነበር።

እንግዳው፦ ትናንት መለማመዴ ነው። ለሬዲዮ የምናገረው ዛሬ ነው።

የሻረግ፦ እሺ፣ ቀይ ይሁን። እኔ አላጥበው።

እንግዳው፦ አይገባሽም እኮ! አሥር ሰዓት ላይ የሬዲዮዋ ልጅ ከባሕር ዳር ትደውላለች። የነጎድጓድ ባንድ አድናቂዎች ትዝታቸውን የሚያወጉበት ፕሮግራም ነው። ከአብዮቱ በፊት ዳንግላ መጥተው የተጫወቱ ለት የነበረ ሰው ፈልገው፣ ፈልገው እኔን አገኙ።

የሻረግ፦ ሌላው ሰው የት ሄደ?

እንግዳው፦ ግማሹ ሞቷል። ግማሹ ሰምቶ አልገባውም።

የሻረግ፦ ምን ዓይነት ዘፈን ነበር ግን?

እንግዳው፦ (በትዕግሥት) ሃርድ ሮክ። ሮክ ማለት ድንጋይ ነው፤ ሃርድ ማለት ጠንካራ።

የሻረግ፦ ለስላሳ ድንጋይ አለ እንዴ?

እንግዳው፦ የሙዚቃ ስም ነው፣ የሻረግ! ጊታሩ ሲጮህ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሶሎ ሲገባማ...

የሻረግ፦ ዘግይቶ ነው የመጣ?

እንግዳው፦ ማን?

የሻረግ፦ ሶሎ።

እንግዳው፦ ሶሎ ሰው አይደለም! ጊታሪስቱ ብቻውን ሲጫወት ነው።

የሻረግ፦ ምነው፣ ተኳርፈው ነው?

እንግዳው፦ (ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል) አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረሽኝ ነበርሽ እኮ! እንዴት ይህን ትጠይቂኛለሽ?

የሻረግ፦ ጆሮዬ ላይ ጥጥ ነበር።

እንግዳው፦ ጥጥ?

የሻረግ፦ ሁለት ዘፈን ቻልኩና ራሴን አመመኝ። ወንድሜ ቢሻው ከኮቱ ገበር ውስጥ ጥጥ መዝዞ ሰጠኝ። እሱ ነው "ካልሄድን" ብሎ የወሰደኝ፤ እኔ ምኑን አውቄው።

እንግዳው፦ ይህን ልጅቷ እንዳትሰማ። ዋናው ታሪክ ይበላሻል።

የሻረግ፦ ዋናው የቱ ነው?

እንግዳው፦ የእኔና የአንቺ ነዋ! (ድምፁን ለሬዲዮ ያስተካክላል) በዚያች ምሽት ጄነሬተሩ ቀጥ አለ፤ ሰው እስኪበተንም አልተነሳ። አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ሰው ተንጫጫ። ነጎድጓዶች ግን አላቆሙም። ከበሮ መቺው ቀጠለ፤ ዘፋኙም ያለ ማይክ አንድ ሆድ የሚያባባ የመለያየት ዘፈን ያዘ። ያኔ እጄን ሰደድ አደረግሁና... እጅሽን ያዝኩ።

የሻረግ፦ (መላጥ ታቆማለች) ይህን በሬዲዮ ልትናገር ነው?

እንግዳው፦ እንዴታ! ወንድምሽን አፍሬ ሃምሳ ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ። ለአንቺ እንኳ አንስቼው አላውቅም። አሁን ግን ሁላችንም አረጀን። ከዚህ ወዲያ ምን ያሳፍራል?

የሻረግ፦ ቢሻው ይሰማሃል እኮ። ጫግኒ ላይ የእህል መደብሩን ሬዲዮ ከፍቶ ነጋዴውን ሁሉ ሰብስቦ እየጠበቀ ነው። ጠዋት ደውሎልኛል።

እንግዳው፦ ይስማዋ! "በዚያች እጅ ተማርኬ ነው ያገባኋት" ብዬ በግልጽ እነግረዋለሁ።

የሻረግ፦ የዘፈኑን ነገር ብቻ ብታወራ አይሻልም?

እንግዳው፦ አፈርሽ እንዴ? (ፈገግ ይላል) እጅሽ ግን እንዴት ይለሰልስ ነበር! ቅቤ በይው።

የሻረግ፦ ቅቤ ነበር።

እንግዳው፦ አውቃለሁ። ሽታው እንኳ ነበረው። ጠጉርሽን ተቀብተሽ ይሆናል።

የሻረግ፦ አልተቀባሁም። ከእኛ ቤት ያን ጊዜ ቅቤ ይነግድ የነበረው ማን ነው?

እንግዳው፦ ቢሻው ነዋ። ዳንግላ ገበያ ላይ...

የሻረግ፦ (ሌላ ድንች ታነሳለች)

እንግዳው፦ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር! በዓይኔ አይቼሻለሁ!

የሻረግ፦ መብራቱ እስኪጠፋ። ሲጠፋ ፈራሁና ወደ በሩ ሸሸሁ። ቢሻው ደግሞ ለመድረኩ ይቀርባል ብሎ ወንበሬን ያዘ።

እንግዳው፦ እጄን... ጨበጥ አድርጎኛል እኮ።

የሻረግ፦ ዘፈኑን ይወደው ነበር።

እንግዳው፦ ሲያለቅስ እኮ እንባውን በመሐረቤ ጠርጌ መሐረቡን እዚያው ሰጥቼዋለሁ!

የሻረግ፦ መሐረቡ እስካሁን አለ። ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

እንግዳው፦ (ከድንጋዩ ሊወድቅ ሲል በከዘራው ይደገፋል) እኔ መሆኔን ያውቃል?

የሻረግ፦ በጨለማ እንዴት ይወቅ? ስንመለስ መንገድ ላይ "አንድ ምስኪን ልጅ ጨለማ ፈርቶ እጄን ሙጭጭ አድርጎ ያዘኝ፤ አሳዘነኝ" አለኝ። ማን አጠገብ እንደተቀመጥኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

እንግዳው፦ ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? ሃምሳ ዓመት ሙሉ!

የሻረግ፦ በሳምንቱ ሽማግሌ ላክህ። "እጁ የቢሻው ነበር" ብዬ ሽማግሌዎቹን ወደ እሱ ልምራቸው?

(ስልኩ ይጮኻል።)

እንግዳው፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ሄሎ?... አዎ፣ እንግዳው ነኝ... ነጎድጓድ ባንድ?... አይ፣ ልጄ፣ ተሳስተሻል። እኔ ያን ለት ጥሊሊ ነበርኩ። ዘፈን የሚባል ነገርም አልወድ... ማን?... ሌላ አድናቂ መስመር ላይ ገብቷል? ከጫግኒ?... (ስልኩን በመዳፉ ይሸፍናል) ቢሻው ነው። በሬዲዮ መሐረብ የሰጠውን ልጅ እያፈላለገ ነው!

የሻረግ፦ (የተላጠውን ድንች ድስቱ ውስጥ እየጨመረች) በል አለሁ በለው። ዝም ካልከው አሁንም ጨለማ የፈራህ ይመስለዋል።